720,720፦ እስከ 16 ሰው እኩል የሚያካፍለው ቁጥር

[ምስል፦ ባቲ፣ የሰኞ ገበያ። ማዳበሪያ ላይ የተዘረገፈ ማሽላ።]

ሰኞ ነው፤ ባቲ ገበያ ላይ ነን። ከአፋር የወጣውም ከኮምቦልቻ የመጣውም እዚህ ይገናኛል። ፊታችን ያለው ክምር 720,720 ፍሬ ማሽላ ነው እንበል። እንደ ፍሬው መጠን ወደ 20 ኪሎ ይሆናል።

ለሁለት ሰው እናካፍለው። እኩል ይደርሳል። ለሰባትም፣ ለአሥራ አንድም፣ ለአሥራ ሦስትም እንዲሁ። ከ1 እስከ 16 በየትኛውም ብትከፍሉት አንዲት ፍሬ አትተርፍም። ከዜሮ በላይ ካሉት ሙሉ ቁጥሮች ይህን የሚችለው ትንሹ እሱ ነው።

[ስክሪን ላይ፦ 720,720 = 2⁴ × 3² × 5 × 7 × 11 × 13]

ስንት አካፋይ አለው? አብሽሩ፣ አንድ በአንድ አንቆጥርም። አካፋይ ስንሠራ 2ን ጭራሽ ልንተወው፣ አለዚያም ከአንዴ እስከ አራቴ ልንወስደው እንችላለን። አምስት ምርጫ ማለት ነው። ለ3 ሦስት ምርጫ አለን። የቀሩትን አራቱን ወይ እንወስዳለን፣ ወይ እንተዋለን።

5 × 3 × 2 × 2 × 2 × 2 = 240።

እኔ ይቺን ስሌት በጣም ነው የምወዳት። በስድስት ብቸኛ ቁጥሮች (ከ1 እና ከራሳቸው ሌላ አካፋይ በሌላቸው) ብቻ 240 አካፋይ!

ከ720,720 በታች ይህን ያህል አካፋይ ያለው ቁጥር የለም። እንዲህ ሪከርድ የሚሰብሩ ቁጥሮችን ህንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ራማኑጃን በ1915 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት በሰፊው መርምሯቸዋል።

13ን አውጥተን 17 ብናስገባስ? ቁጥሩ 942,480 ይሆናል፤ አካፋዮቹ ግን ያው 240 ናቸው። ቁጥሩን አሳበጥነው እንጂ የጨመርንለት ነገር የለም። ለዚህ ነው ሪከርድ ሰባሪዎቹ ከ2 ጀምረው ብቸኛ ቁጥሮችን ሳይዘሉ በተራ የሚወስዱት።

ሌላም ምድብ አለው፦ የአካፋዮቻቸው ድምር ከራሳቸው የሚበልጥ ቁጥሮች። የ6 አካፋዮች ራሱን ሳይጨምር 1፣ 2 እና 3 ናቸው፤ ድምራቸው 6 ስለሆነ ፍጹም ቁጥር ይባላል። የ720,720 ግን በተመሳሳይ ሲደመር 2,529,072 ይመጣል። ከራሱ ሦስት እጥፍ ተኩል ይበልጣል!

720 ሁለቴ መጻፉንስ አያችሁ? 720 × 1,001 ስለሆነ ነው፤ 1,001 ደግሞ 7 × 11 × 13 ነው። በግዕዝ አኃዝ ፸፪፼፯፻፳ ብለን ስንጽፈው ግን መደጋገሙ አይታይም።

[ምስል፦ ከክምሩ ጎን አምስት ፍሬ ማሽላ።]

አሥራ ሰባተኛ ሰው ከመጣ 5 ፍሬ ይተርፋል። ክምሩን በ17 እናባዛው፤ 12,252,240። አሁን ለ17ም ለ18ም እኩል ይደርሳል፤ አካፋዮቹም 480 ሆነዋል። ሪከርድ ግን አልሰበረም። 720,720ን በ15 ብናባዛው 10,810,800 እናገኛለን፤ እሱ አንሶ ሳለ 480 አካፋይ አለው።