ጠጁን ማን ያስቆመዋል?

(ምስል፦ ጅማ፣ ሂርማታ ገበያ። ሐሙስ ጠዋት። ማር ሻጯ ከባልዲ ማር ትጨልፋለች።)

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ ሐሙስ ነው፣ ሂርማታ ገበያ ደምቋል። እኔ የመጣሁት ማር ፍለጋ ነው። ይህን ነጩን እዩልኝ። የጌራ ጫካ ማር ነው፤ እንዲህ የሚያነጣው የገተማ ዛፍ አበባ ነው። አጠገቡ ያለው ጠቆር ይላል፤ ሲቀምሱት መረር ስለሚል ንቦቹ ግራዋ እንደቀሰሙ ያስታውቃል። አክስቴ ግን ለጠጅ ስትገዛ ከቀለሙ ይልቅ ሰፈፉን ታያለች። ያልተጣራ ማር ነው የምትፈልገው።

(ምስል፦ የአክስቴ ጓዳ። በወይራ ጭስ የታጠነ ገን።)

አንድ እጅ ማር፣ ሦስት እጅ ውሃ። ይበረዛል፣ የገኑ አፍ በንጹህ ጨርቅ ይታሰራል። በጅማ ለማይጠጣ እንግዳ የሚቀርበው ብርዝ ከዚሁ ነው የሚነሳው፤ ጌሾ ሳይገባበት፣ ገና ጣፋጭ ሳለ ይጠጣል። ለጠጅ ሲሆን ግን ከጥቂት ቀን በኋላ ሰፈፉ ይገፈፍና ጌሾው ይገባል። ጌሾ መረር ያደርገዋል፤ ጠጁን የሚያበላሹ ተሕዋስያንንም ያዳክማል።

አሁን ጆሯችሁን ወደ ገኑ ጠጋ አድርጉ። ችስስ... ይላል። እርሾው ስኳሩን እየበላ ነው። ስኳሩ አልኮል ይሆናል፣ ጋዙ ደግሞ እንዲህ ድምፅ እያሰማ ይወጣል።

«ማን ነው የሚያስቆመው?» ብዬ አክስቴን ጠየቅኋት።

«ልጄ፣ ጠጅ አይቆምም። አንቺ ነሽ ቀድመሽ የምትደርሺበት» አለችኝ።

(ምስል፦ የፖርቱጋል ካርታ፤ የዶውሮ ወንዝ ሸለቆ።)

ፖርቱጋሎች ግን የወይናቸውን መፍላት ያስቆሙታል። በዶውሮ ሸለቆ ወይኑ ገደል በሚያህል ዳገት ላይ፣ በእርከን ነው የሚለማው። ፍሬውን ዛሬም በድንጋይ ገንዳ ውስጥ በእግር የሚረግጡ አሉ። ጭማቂው ሁለት ሦስት ቀን ይፈላል። ስኳሩ በግማሽ ገደማ ሲቀር፣ በአራት እጅ ወይን ላይ አንድ እጅ ያህል ከወይን የተጣራ አረቄ ይጨመርበታል። አረቄው 77 በመቶ አልኮል ነው። እርሾው ይሞታል፣ ያልተበላው ስኳር ባለበት ይቀራል። ፖርት የሚባለው ወይን ይህ ነው፤ አልኮሉ 20 በመቶ አካባቢ ነው፣ ጣፋጭነቱ ግን አልሄደም። ይህ ወይን የሚበቅልበት መሬት በሕግ የተከለለው እ.ኤ.አ. በ1756 ነው።

በስፔን፣ ሄሬዝ ከተማ ደግሞ አይቸኩሉም። እርሾው ስኳሩን እስኪጨርስ ይጠብቁና አረቄውን ከዚያ በኋላ ይጨምራሉ። ስለዚህ ሼሪ የሚባለው ወይናቸው ሲጀመር ደረቅ ነው፣ ጣፋጭነት የለውም። አልኮሉ 15 በመቶ ላይ ከተያዘ በወይኑ ፊት ላይ ስስ ነጭ የእርሾ ሽፋን ይሠራል። «ፍሎር» ይሉታል፣ አበባ ማለት ነው። ወይኑን ከአየር የሚጠብቀው እሱ ነው። እኔን የገረመኝ ግን በርሜሎቹን የሚይዙበት መንገድ ነው። ከአሮጌው በርሜል የሚቀዱት በከፊል ብቻ ነው፤ የጎደለውን በዕድሜ ከእሱ በሚያንስ ወይን ይሞሉታል። ከሊጥ ላይ እርሾ አስቀርቶ ለሚቀጥለው ለሚያውል የኛ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

የፖርቱጋሏ የማዴይራ ደሴት ወይን ታሪኩ ከባሕር ነው። በመርከብ ሞቃት አገር አቋርጦ ሲመለስ ይበላሻል ሲባል ጣዕሙ ጣፈጠ። ከዚያ ወዲህ ሙቀቱን ሆን ብለው ይሰጡታል፤ አንዳንዱን በርሜል ፀሐይ በሚያግለው ጣሪያ ሥር ለዓመታት ያስቀምጡታል። መቶ ዓመት ቆይቶ የሚጠጣ ማዴይራ አለ። የጣሊያኗ ደሴት የሲሲሊ ወይን ማርሳላም በአረቄ የተጠናከረ ወይን ነው።

(ምስል፦ ተመልሶ የአክስቴ ጓዳ።)

የኛ ጠጅ መቶ ዓመት አይቆይም። አረቄ የለበትም፣ እርሾው በሕይወት አለ። ጠጅ ቤት ገብታችሁ «ለስላሳ ነው ደረቅ?» ብላችሁ ስትጠይቁ የምትጠይቁት ቀኑን ነው። ለስላሳው ገና ስኳሩ አላለቀም። ደረቁ ቆይቷል፣ ስኳሩ ተበልቷል፣ ይመታል። ለእኔ የጠጅ ትልቁ ሙያ ይህችን ቀን ማወቅ ነው፤ አክስቴ ደግሞ ያለ ምንም መሣሪያ ታውቃታለች።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ተመልሼ ሄድኩ። ጨርቁን ገለጥ አደረገች፣ በብርሌ ትንሽ ቀዳች፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳችው። ቀመሰች። ጆሮዋን ገኑ ላይ አስጠጋች።

«ለቅዳሜ ነው» አለችና መልሳ አሰረችው።