ኮቱን የለበሰው እንግዳ

እንደምን ዋላችሁ። አካም ኦልተን። አባቶች፣ እናቶች፣ መምህራን፣ ከዩኒቨርሲቲው የመጣችሁ ልጆች፣ በዚህ ዝናብ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። የጅማ ሰው ዝናብ ከፈራ መቼም ከቤት አይወጣም።

አዘጋጆቹ ስለ ቅርስ ተናገር ሲሉኝ፣ ጅሬን ስላለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የማወራ መስሏቸው ነበር። ስለ እሱ እናንተ ለእኔ ትነግሩኛላችሁ እንጂ እኔ ለእናንተ አልነግርም። ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ሐውልት ነው። የቆመው እዚህ አልነበረም፤ አዲስ አበባ ነው። ስምንት ዓመት እንኳ ሳይሞላው ወደቀ። የሌኒን ሐውልት ማለቴ ነው። ጸጉራችሁ የሸበተ ታስታውሱታላችሁ።

በ1980 ዓ.ም. ትምህርት ጨርሼ ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ አበባ ሄድኩ። ያን ጊዜ ከጅማ አውቶቡስ የያዘ ሰው ቀኑን መንገድ ላይ ነው የሚጨርሰው። በማግስቱ አጎቴ "ና፣ ከሌኒን ጋር ፎቶ እናስነሳህ" አለኝ። ያኔ ከገጠር ለመጣ ሰው ወግ ነበር። ሐውልቱ ሥር ቆምኩ፤ አንገቴን ቀና አድርጌ አየሁት። ግዙፍ ነው። ካፖርት ለብሷል፤ ሊራመድ ነው።

አጎቴ ግራ ቀኙን አየና ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብሎ፣ "የት እንደሚያይ አየህ? ወደ ቦሌ ነው። ኮቱን ለብሷል። ሊሄድ አውሮፕላን እየጠበቀ ነው" አለኝ። ልስቅ ስል ክንዴን ቆነጠጠኝ። ቀልዷን ያኔ አዲስ አበባ ውስጥ የማያውቃት አልነበረም፤ ጮክ ብሎ የሚናገራት ግን አልነበረም።

ፎቶው አልደረሰኝም። ፎቶ ቤቱ ፊልሙ ተቃጥሏል አለን። ስሙን አልጠራም፤ ቂሙ ግን አሁንም አለ።

አሁን ወደ ታሪኩ። ሐውልቱ የቆመው በ1976 ዓ.ም. ነው፤ የሶቪየት ኅብረት ስጦታ ነው። በአፍሪካ የመጀመሪያው የሌኒን ሐውልት እንደሆነ ይነገርለት ነበር። ቦታውን ልብ በሉልኝ፦ አፍሪካ አዳራሽ ፊት ለፊት። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተበት አዳራሽ ማለት ነው። ከአህጉሩ የሚመጣ እንግዳ ለስብሰባ ሲገባና ሲወጣ ያንን ሰውዬ ያገኘዋል። ንክሩማ ቢሆን፣ ኬንያታ ቢሆን፣ ነገሩ ይገባ ነበር። የቆመው ግን የአፍሪካን መሬት ረግጦ የማያውቅ ሰው ነው።

ሐውልቱ ከቆመ ብዙ ሳይቆይ የ77ቱ ረሃብ ጎልቶ ወጣ። አዲስ አበባ በቀይ ኮከብ አጊጣ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት ስታከብር፣ ወሎና ትግራይ ውስጥ ሰው ያልቅ ነበር። ብሔራዊ ውትድርናም አለ፤ እዚህም ከየቀበሌው ልጆች ይወሰዱ ነበር። ያልተመለሱትን የምታውቁ እናቶች እዚህ ተቀምጣችኋል። እንግዲህ ሰው ያንን ነሐስ ሲያይ ሩሲያ አይደለችም የምትታየው። ልጁ ነው የሚታየው። ሌኒን ራሱ ማን እንደሆነ፣ ምን እንደጻፈ፣ አብዛኛው ሕዝብ ግድም አልነበረው። እንዲያው የእኛን ሰዎች ዕዳ ቆሞ የሚከፍል እንግዳ ሆኖ ቀረ።

ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ አገር ጥለው ወጡ። ግንቦት 15 ሌኒን ወደቀ። ኢሕአዴግ አዲስ አበባ የገባው ግንቦት 20 ነው።

እነዚህን ቀኖች ቁጠሩልኝ። ብዙ ሰው ሐውልቱን ያወረደው አሸንፎ የገባው ጦር ይመስለዋል። አይደለም። ጦሩ ገና አልገባም። ያው መንግሥት፣ እንደነገሩም ቢሆን፣ ወንበሩ ላይ ነበር። ሌኒን የወደቀው በመሐሉ ባለችው ሳምንት ነው፤ ማን እንደሚገዛ በማይታወቅባት ሳምንት። በገመድም በመዶሻም አልበገር ቢል ከባድ ማሽን መጣለት። ሞስኮ ራሷ የሶቪየት ምስጢራዊ ፖሊስ መሥራች የነበረውን የድዘርዥንስኪን ሐውልት ያወረደችው ነሐሴ ላይ ነው። በዚህ በኩል አዲስ አበባ ሞስኮን ሦስት ወር ቀድማታለች። እኛ ሁልጊዜ ኋላ ቀር ነን ለሚሉ ይህችን መልስ ይዣለሁ።

ወሬው ለእኔ የደረሰኝ እዚሁ ጅማ፣ በሬዲዮ ነው። ቀድሞ ትዝ ያለኝ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ? አጎቴ። "በረራው ደረሰለት" ብዬ ለብቻዬ ሳቅሁ።

አንድ የሚገርመኝ ነገር አለ። ካርል ማርክስ አልወደቀም። ከምሥራቅ ጀርመን የተሰጠ፣ በቀይ ግራናይት የተጠረበ ጭንቅላት ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ዛሬም አለ። አንድ ወዳጄ "ጢሙ ነው ያተረፈው፤ አባ መስሏቸው ነው" ይላል። እኔ ግን ምክንያቱ አቋሙ ይመስለኛል። ማርክስ ጭንቅላት ብቻ ነው። ማንም ላይ አልቆመም። ሌኒን ግን ከላይ ሆኖ ነበር የሚያየን።

አራዳ ጊዮርጊስ ያለው የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት ታሪክ ደግሞ ሌላ ነው። በ1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በዓል ዋዜማ ተመረቀ። ጣሊያን አዲስ አበባን ሲይዝ በሌሊት ነቅሎ ደበቀው፤ ከነጻነት በኋላ ወደ ቦታው ተመለሰ። በዚህ ሐውልት ዛሬም የሚኮራ አለ፣ የሚቆጣም አለ። እዚህ አዳራሽ ውስጥም ሁለታችሁም አላችሁ፤ ፊታችሁ ላይ አየዋለሁ። ዛሬ አላጣላችሁም። እኔ የፈለግሁት ያቺን ሌሊት ነው። ጣሊያን መድፍም አውሮፕላንም ነበረው፤ ግን ሐውልት ለመንቀል ጨለማ ጠበቀ። ሌኒን በቀን በብርሃን፣ በእልልታ ነው የወረደው።

ከዚያስ በኋላ ወዴት ሄደ? አውሮፕላን አልተሳፈረም። ከተማ አስተዳደሩ ግቢ ውስጥ በጀርባው ተጋድሞ ሳር በቀለበት። ጎብኚ አልፎ አልፎ እየጠየቀ ሄዶ ያየው ነበር ይባላል።

እዚህ ላይ ነው ከብዙ ሰው ጋር የማልስማማው። "ይገባዋል፣ እዚያው ይበስብስ" ይላሉ። እንዲቆም አልፈልግም፤ ከቆመ እኔ ራሴ ገመድ ይዤ እሄዳለሁ። ግን ሙዚየም ውስጥ ተጋድሞ ቢታይስ? እንደወደቀ፣ የመዶሻው ጠባሳ ሳይነካ። ከጎኑ የአጎቴ ቀልድ ይጻፍ። ዛሬ ያንን ዘመን ለልጆቼ ሳወራ ተረት ነው የሚመስላቸው። የተጋደመውን ቢያዩ ግን አንድ ጥያቄ ይጠይቁኝ ነበር።

እኛ ጅማዎች ይህን ነገር ማንም ሳያስተምረን አድርገነዋል። ጣሊያን የሠራቸው ቤቶች መሐል ከተማችን ላይ ናቸው። ጠላት ሠራው ብለን አላፈረስንም። ገባንባቸው፣ ሱቅ ከፈትንባቸው፣ ቢሮ አደረግናቸው። በረንዳቸው ሥር ቆመን ዝናብ እናሳልፋለን። ሐውልት ግን ለመጠለያ አይሆንም፤ ችግሩ እሱ ነው። ሐውልትን የሚያቆየው ሰው ሊያስታውሰው ከፈለገ ብቻ ነው። አንድ ቀን ይህች ከተማ አዲስ ሐውልት ላቁም ብትል፣ ኮሚቴው ስለ ነሐሱና ስለ ድንጋዩ ከመነጋገሩ በፊት ሂርማታ ገበያ ወርዶ የሚሸጡትን እናቶች ይጠይቅ። አዲስ አበባ ላይ ማንም አልጠየቀም ነበር።

አሁን አንድ ነገር ልለምናችሁና ልቀመጥ። ያኔ ከዚህ ሄዳችሁ ሌኒን ሥር ፎቶ የተነሳችሁ ብዙ ናችሁ። አልበማችሁን፣ ሳጥናችሁን፣ የአባታችሁን የድሮ ቦርሳ ፈትሹልኝ። ያገኘ ሰው ለአዘጋጆቹ ያምጣ፤ ቅጂ ወስደን ዋናውን እንመልሳለን። ከኋላው የተጻፈ ካለ እሱንም አትደምስሱት። የእኔን ፎቶ ቤቱ አቃጥሎብኛል፤ የእናንተ ይታይ።