ሁለት ቦርሳ፣ አንድ ኪስ፦ አውሮፓን በቁጠባ ለወራት ለሚዞሩ ጥንዶች የተሰጡ መልሶች

የዛሬ ደዋዮቻችን ከሞላ ጎደል ሁሉም ጥንዶች ናቸው። ቦርሳ አዝለው፣ በትንሽ ገንዘብ፣ አውሮፓን ለወራት መዞር ይፈልጋሉ። እኔና ባለቤቴ በዚህ ዓይነት ጉዞ አሥራ አንድ ወር ቆይተናል። ጥያቄዎቹን እንደየአመጣጣቸው እመልሳለሁ።

«ስድስት ወር ልንዞር አስበን ነበር። ሸንገን ከ90 ቀን በላይ አያስቆይም አሉን። ሐሳባችንን እንተወው?»

አትተዉት። ሸንገን ማለት በመካከላቸው የድንበር ፍተሻ ያስቀሩ የአውሮፓ አገሮች ናቸው፤ ቀናችሁ የሚቆጠረው በሁሉም አንድ ላይ ነው። ስለዚህ ካርታ ከመዘርጋታችሁ በፊት ካላንደር ዘርጉ። ሕጉ በየትኛውም 180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ አትቆዩ ነው የሚለው። ብዙ ሰው «አንድ ቀን ወጣ ብዬ ብመለስ ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል» ይላል። አይጀምርም። የገባችሁበት ቀን ይቆጠራል፤ የወጣችሁበትም ይቆጠራል።

በምሳሌ ልንገራችሁ። ኤፕሪል 1 ገባችሁ እንበል። ሳትወጡ ከቆያችሁ 90ኛው ቀን ጁን 29 ላይ ይውላል። ከዚያ ቀን ማለፍ አትችሉም። ተመልሳችሁ የምትገቡት ሴፕቴምበር 28 ነው። መሃል ያሉትን ሦስት ወራት ከሸንገን ውጪ ታሳልፋላችሁ ማለት ነው።

የት? እኔ ባልካን ነው የምለው። አልባንያ፣ ሞንቴኔግሮ፣ ቦስኒያ፣ ሰርቢያና ሰሜን መቄዶንያ ሸንገን ውስጥ የሉም። ኑሮውም ከምዕራብ አውሮፓ በጣም ይረክሳል። ግን «ርካሽ ስለሆነ» ብላችሁ ብቻ አትሂዱ። ሰሜን መቄዶንያ ውስጥ ኦህሪድ ሐይቅ ዳር ማለዳ ላይ ተቀምጣችሁ ውሃው እስከ ታች ድረስ ሲታያችሁ፣ ለሦስት ቀን የመጣችሁበትን ከተማ ለሁለት ሳምንት ታደርጉታላችሁ። እኛ እንዲያ ነው ያደረግነው።

የቆየ ምክር ግን አትከተሉ። ድሮ ክሮኤሺያ፣ ሩማኒያና ቡልጋሪያ ገብቶ የሸንገን ቀን መቆጠብ ይቻል ነበር። ክሮኤሺያ በ2023 ሸንገን ገብታለች። ሩማኒያና ቡልጋሪያም በ2025 መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ገብተዋል። ከኦክቶበር 2025 ወዲህ ደግሞ ድንበር ላይ አሻራና የፊት ፎቶ እየተወሰደ መግቢያና መውጫችሁ በኮምፒውተር መመዝገብ ጀምሯል። «ማህተሙ ደብዝዟል፣ ማን ያየዋል» የሚባል ነገር እንዳታስቡ።

ለሸንገን ቪዛ የምታመለክቱ ከሆነ ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ፣ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ ካልሆነ ባልካን ወጥቶ መመለስ የለም። ሁለተኛ፣ ቪዛው ላይ የተጻፈው የቀን ብዛት ከ90 ሊያንስ ይችላል፤ የሚሠራው የተጻፈው ነው። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስም ያስፈልጋል። የባልካን አገሮች ደግሞ እያንዳንዳቸው የራሳቸው የቪዛ ሕግ አላቸው። ለሁለታችሁም ፓስፖርት ለየብቻ አጣሩ፤ አንዱ ሲያልፍ ሌላው ድንበር ላይ የቀረበትን አጋጣሚ አውቃለሁ።

«ሆስቴል ይሻለናል ወይስ ክፍል መከራየት?»

«ርካሽ የሚባለው ሆስቴል ነው» ብላችሁ አትቸኩሉ። ያ ሒሳብ ለብቸኛ ተጓዥ ነው። በጋራ ክፍል ውስጥ አንድ አልጋ 25 ዩሮ ቢሆን እናንተ የምትከፍሉት 50 ነው። በዚያ ዋጋ በብዙ ከተማ፣ ከመሃል ትንሽ ራቅ ብሎ፣ በር የሚዘጋ ክፍል ይገኛል። ሁልጊዜ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ አወዳድሩ።

ከዋጋውም በላይ ግን ኩሽና አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ምድጃና አንድ ድስት ካለ የምግብ ወጪያችሁ በጣም ይወርዳል። ደግሞ አትሩጡ። ብዙ አከራዮች ለሳምንት ቅናሽ ያደርጋሉ፤ ለወር ደግሞ የበለጠ። በሁለት ቀን አንዴ ከተማ የሚቀይር ሰው በየጉዞው ለትራንስፖርት ይከፍላል፣ ሲደርስ ርቦት ውጪ ይበላል፣ ያገኘውን ክፍል በተጠራው ዋጋ ይይዛል። እኛ ገንዘብ የቆጠብነው ርካሽ ነገር በማደን አይደለም፤ ባለንበት በመቆየት ነው።

«የባቡር ፓስ እንግዛ?»

ፓስ ማለት አንዴ ተከፍሎበት ብዙ ባቡር የሚያሳፍር ቲኬት ነው። ቀስ ብላችሁ የምትጓዙ ከሆነ ብዙም አያዋጣችሁም። ዩሬይል የሚባለው ፓስ አውሮፓ ውስጥ ለማይኖሩ ነው፣ ኢንተርሬይል የሚባለው ለነዋሪዎች። ሁለቱም 33 አገር ያደርሳሉ። ግን ፓሱ እያለም በፈረንሳይ፣ በስፔንና በጣልያን ፈጣን ባቡሮች ላይ ለመቀመጫ ተጨማሪ ይከፈላል። ለሁለት ሰው ሲሆን ይሰማል። ወር ሙሉ በየሁለት ቀኑ ባቡር የሚሳፈር ያዋጣዋል። ሌላው ቲኬት ቀደም ብሎ ይቁረጥ ወይም አውቶቡስ ይያዝ።

ጀርመን የምትቆዩ ከሆነ ዶይችላንድቲኬት የሚባለውን አስቡበት። ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ በወር ለአንድ ሰው 63 ዩሮ ነው። በከተማ ትራንስፖርትና በክልል ባቡሮች አገሩን ሁሉ ያዞራችኋል፤ ፈጣኖቹ ባቡሮች ላይ ግን አይሠራም። ወር በወር የሚታደስ ስለሆነ የምትወጡበት ወር ከገባ እስከ 10ኛው ቀን ድረስ ሰርዙት። ሉክሰምበርግ ውስጥ ደግሞ ከ2020 ጀምሮ የሕዝብ ትራንስፖርት ነፃ ነው።

«ሁለት ሳምንት ሳይሞላን መጨቃጨቅ ጀመርን። ቤታችን እያለን እንዲህ አልነበርንም። ጉዞው ይበቃን ይሆን?»

እህቴ፣ ደህና አድርገሽ ነው የደወልሽው። ስለ ገንዘብ የሚደውለው ብዙ ነው፤ ስለዚህ የሚጠይቅ ግን ጥቂት። ብዙ ጥንዶችን ወደ ቤት የሚመልሳቸው ይሄ ነው።

አንድ ሌሊት ልንገርሽ። የስሎቬንያ ዋና ከተማ ሉብልያና የገባነው አራት ሰዓት ያህል ዘግይቶ በደረሰ አውቶቡስ ነው። ጨልሟል። ዝናብ ይጥላል። የስልኬ ባትሪ አራት ፐርሰንት ቀርቶታል። ማደሪያችን ሦስት ኪሎ ሜትር ይርቃል። ባለቤቴ «በእግር እንሂድ፣ የአውቶቡሱን እንቆጥብ» አለ። እኔ ከጠዋት ጀምሮ የበላሁት አንድ ሙዝ ነው። መንገድ መሃል ቦርሳዬን አስቀምጬ አለቀስኩ። እሱም ተናደደ። የቆጠብነው ጥቂት ዩሮ ነው። የተኮራረፍነው ሦስት ቀን።

ከዚያ በኋላ አራት ነገር ቀየርን። መጀመሪያ፣ ቀን ተከፋፈልን። ዛሬ እኔ መሪ ነኝ፤ የት እንደምንበላ፣ በየት እንደምንሄድ እወስናለሁ። እሱ እስከ ማታ ድረስ አያጉረመርምም። ነገ ተራው የእሱ ነው። ሰው የሚደክመው በእግር መንገዱ አይደለም፤ ቀን ሙሉ «ምን እናድርግ» ሲባባል ነው የሚዝለው።

ሁለተኛ፣ የጋራ ገንዘብ በአንድ ካርድ ላይ አደረግን። ከዚያ ውጪ ለየራሳችን በሳምንት ትንሽ ገንዘብ ያዝን። እሱ ቡና ይጠጣበት፣ እኔ አሮጌ መጽሐፍ ልግዛበት፣ መጠየቅ የለም። ሦስተኛ፣ «የድካም ገንዘብ» ብለን ለብቻው አስቀመጥን። አንዳችን «ዛሬ አልችልም» ካልን ታክሲ ይያዛል ወይም ጥሩ ክፍል ይከራያል፣ ያለ ክርክር። በወር ውስጥ ሁለቴ ብንነካው ነው። መኖሩ ብቻ ግን ያረጋጋል።

አራተኛው መለያየት ነው። በሳምንት ግማሽ ቀን። ለወራት አንድ ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መንገድ ለማንም ከባድ ነው። እሱ በአንድ በኩል፣ አንቺ በሌላ በኩል ሂጂ። ማታ ስትገናኙ የምትነግሪው ነገር ይኖርሻል። እኔ የናፈቀኝ ይሄ ነበር፤ «ዛሬ ምን አየሽ?» መባል።

ስለዚህ እህቴ፣ ወደ ቤት ከመመለሳችሁ በፊት አንድ ቦታ አሥር ቀን ተቀመጡ። ምንም አትጎብኙ። ልብስ እጠቡ፣ አብስሉ፣ ተኙ። ከዚያ ወስኑ።

«ምግብ ላይ እንዴት እንቆጥብ?»

ምሳን ዋና ምግብ አድርጉት። ስፔን ውስጥ «ሜኑ ዴል ዲያ» የሚባል የምሳ ዝግጅት አለ፤ መጀመሪያ፣ ዋና፣ ጣፋጭ፣ ሁሉም በአንድ ዋጋ። ራቱን ቤት አብስሉ። ጣልያን ውስጥ ቡናችሁን ባንኮኒው ጋ ቆማችሁ ጠጡ፤ ስትቀመጡ ዋጋው ሊጨምር ይችላል። ሮም መንገድ ዳር ያለማቋረጥ የሚፈሱት ቧንቧዎች የመጠጥ ውሃ ናቸው፤ ጠርሙሳችሁን ሙሉ። ጀርመን እሑድ ሱፐርማርኬት ስለማይከፈት ቅዳሜ ሸምቱ። የፕላስቲክ ጠርሙስም አትጣሉ፤ ሲመለስ 25 ሳንቲም ይሰጣል።

ከኤቲኤም ስታወጡ ማሽኑ «በራስህ አገር ገንዘብ ልቁረጥ?» ብሎ ከጠየቀ እምቢ በሉ። ሁልጊዜ በአካባቢው ገንዘብ ይሁን። ምንዛሪው ላይ ነው የሚበሏችሁ።

«ድንኳን ይዘን የትም ማደር ይቻላል?»

የትም አይቻልም። ኖርዌይ ውስጥ ባልታረሰ መሬት ላይ፣ ከሚኖርበት ቤት ቢያንስ 150 ሜትር ርቆ፣ እስከ ሁለት ሌሊት ማደር በሕግ የተፈቀደ ነው። ስዊድንና ስኮትላንድም ተመሳሳይ መብት አላቸው። ክሮኤሺያ ግን ክልክል ነው፣ ያስቀጣል። ድንኳኑን ለሰሜኑ ያዙት።

«ስንት ኪሎ ቦርሳ እንያዝ?»

በኪሎ አልነግራችሁም። ቦርሳችሁን ሞልታችሁ አራት ፎቅ ደረጃ ውጡ፤ ብዙ ርካሽ ክፍሎች ሊፍት የላቸውም። ላይ ስትደርሱ ከተናደዳችሁ ውረዱና አንድ ነገር አውጡ። ደግማችሁ ውጡ። ሁለት የያዛችሁትን ሁሉ አንድ አድርጉት፦ አንድ ሻምፑ፣ አንድ የጥርስ ሳሙና፣ አንድ የመድኃኒት ከረጢት፣ አንድ ባለ ሁለት ቀዳዳ ቻርጀር። ፎጣ ግን ለየራሳችሁ ይሁን።