ሻካራው አሉሚኒየም

ሰላም፣ ጤና ይስጥልኝ። እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ እኔና እናንተ ብቻ ነን። ስለ አንድ ሞተር ላወራችሁ ነው። ቤንዚን አይጠጣም፣ አይጮህም፣ መዳፍ ላይ ይቀመጣል።

የሆንዳ ሲቢ 750 ሞተር ነው። ታሚያ የሚባለው የጃፓን የሞዴል ኩባንያ በ1/6 መጠን ሠርቶታል። እውነተኛው ላይ 6 ሴንቲ ሜትር የሆነ ነገር እዚህ 1 ሴንቲ ሜትር ነው ማለት ነው። ካርቶኑ ውስጥ የሚመጣው ሙሉው ሞተር ሳይክል ነው። እኔ ግን ጎማውን፣ ታንኩን፣ መቀመጫውን ወደ ጎን አድርጌ ክረምቱን ሞተሩ ላይ ብቻ ከረምኩ። ሞተሩ ለብቻው በቂ ነው። እንዲያውም ይበዛል።

ለምን ይሄ ሞተር? በእኛ ሳይሆን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ። በ1968 መጨረሻ ላይ ቶኪዮ የሞተር ትርኢት ላይ ታየ፤ በ1969 ለገበያ ወጣ። ሲሊንደር ማለት ፒስተኑ የሚመላለስበት፣ ነዳጁ የሚነድበት ቱቦ ነው። ያኔ 4 ሲሊንደር የውድድር ሞተር ሳይክል ነገር ነበር። መንገድ ላይ የሚነዳ ቢኖር እንኳ በጣም ጥቂትና በጣም ውድ ነበር። ሆንዳ 4ቱን ጎን ለጎን ደርድሮ፣ 736 ሲሲ አድርጎ፣ በደቂቃ በ8,000 ዙር 67 የፈረስ ጉልበት እንዲሰጥ ሠራው። የፊት ጎማው ላይ ዲስክ ፍሬን አለው። በእግር ሳይረገጥ በአዝራር ይነሳል። አሜሪካ ውስጥ 1,495 ዶላር ተሸጠ። የዚያ ዘመን ተቀናቃኙ የእንግሊዙ ትራያምፍ ትራይደንት 3 ሲሊንደር ነበረው፤ ፍሬኑ የከበሮ ነው፤ የሚነሳውም በእግር ተረግጦ ነው።

ይሄን ሁሉ ማንም ያወራዋል። እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። የሞተሩ ቆዳ።

ሆንዳ ይሄን ሞተር ሳይክል ሲያወጣ ገዢ ይገኝ አይገኝ እርግጠኛ አልነበረም። የገመቱት በዓመት 1,500 ያህል ነበር። እና እዚህ ጋ የፋብሪካ ሂሳብ ይመጣል። የሞተር አካል የሚሠራው አሉሚኒየም አቅልጦ ቅርጽ ውስጥ በማፍሰስ ነው። ብዙ የምትሠሩ ከሆነ ጠንካራ የብረት ቅርጽ ታሠራላችሁ፤ የቀለጠውን አሉሚኒየም በከፍተኛ ግፊት ትጨምቁበታላችሁ። የሚወጣው ለስላሳ፣ ጥርት ያለ ነው፤ በፍጥነትም ይመረታል። ግን ያ ቅርጽ እጅግ ውድ ነው። በዓመት 1,500 ለሚሸጥ ዕቃ አያዋጣም። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ረከስ ባለው መንገድ ሠሯቸው፤ አሉሚኒየሙ ያለ ግፊት፣ በራሱ ክብደት ወርዶ ቅርጹን እንዲሞላ። በዚያ መንገድ የሚወጣው ብረት ሻካራ ነው።

ከዚያ ምን ሆነ? በዓመት ይሸጣል ያሉት 1,500 የወር ፍላጎት ሆኖ ቁጭ አለ። ቆይቶም በወር 3,000 ደረሰ። ውዱ ቅርጽ መጣ፣ ሻካራው ቆዳ ቀረ። ሻካራ ሆነው የወጡት ከ7,000 ትንሽ የሚበልጡ ናቸው። ዛሬ ሰብሳቢዎች የሚሻሙት እነሱን ነው። በአሸዋ ቅርጽ የተሠሩ እያሉ ይጠሯቸዋል። ቅርጹ ግን አሸዋ አልነበረም፤ ሰውን ያሳሳተው ሻካራነቱ ነው።

አስቡት እስቲ። ያ ሻካራነት የአንድ ኩባንያ ጥርጣሬ ነው። "ይሸጥ ይሆን?" ብለው ሲያመነቱ ብረቱ ላይ የቀረ ምልክት። እኔ ደግሞ ያንን ምልክት ፕላስቲክ ላይ ማምጣት ፈለግኩ። የሞዴል ሥራ ለእኔ እዚህ ጋ ነው የሚጀምረው። ቁራጮቹን ማጣበቅ ማንም ይችላል፤ መመሪያው በሥዕል ያሳያል። አንድ ነገር ለምን እንዲህ እንደሆነ ሳታውቁ ግን ቀለም ልትቀቡት አትችሉም። ብትቀቡትም ይታወቃል።

የታሚያ ፕላስቲክ ለስላሳ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ፈሳሽ ስቱኮ ያስፈልጋል። ሞዴል ሠሪዎች የሚወዱት ሚስተር ሰርፌሰር የሚባል የጃፓን ምርት አለ፤ ቁጥሩ ዝቅ ሲል ወፍራም ነው፤ እኔ 500ውን እጠቀማለሁ። ጸጉሩ አጥሮ የተቆረጠ ደረቅ ብሩሽ ይዛችሁ፣ ስቱኮው ሊደርቅ ሲል ትጠቀጥቁታላችሁ። መቀባት አይደለም፤ መጠቅጠቅ ነው። ሲደርቅ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አናት አናቱን ብቻ ነካ ነካ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር አለ። እውነተኛው ብረት ላይ ያለው እህል የሚመስል ሸካራ ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ በ1/6 የአንድ ሚሊ ሜትር አሥራ ሁለተኛ ነው። በዓይን አይለይም ማለት ይቻላል። እና ሻካራነቱ በግልጽ ከታያችሁ በዝቷል ማለት ነው። መታየት የለበትም። መታየት ያለበት ብርሃኑ ነው። ለስላሳ ነገር ላይ ብርሃን ይንሸራተታል፤ ሻካራ ነገር ላይ ይበተናል። መብራቱን በጎን አድርጋችሁ ስታዞሩት የሞተሩ አካል ፈዘዝ ብሎ፣ የክላቹ ክዳን ብልጭ ካለ፣ ደርሳችኋል።

የቀለም ውፍረትም እንደዚሁ ነው። አንድ የቀለም ንብርብር 0.05 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ወደ እውነተኛው መጠን ስትመልሱት 0.3 ሚሊ ሜትር ይሆናል። እንዲህ ተለስኖ ከፋብሪካ የሚወጣ ሞተር የለም። ሲሊንደሮቹን የከበቡትን የማቀዝቀዣ ክንፎች አስቡ። ስስ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተትም ጠባብ ነው። ቀለሙ ከወፈረ ጫፋቸው ይዶለዱማል፤ ሞተሩ ወዲያው መጫወቻ ይመስላል። ስለዚህ በኤርብራሽ፣ ማለትም ቀለምን በአየር በሚረጭ ብዕር መሳይ መሣሪያ፣ በጣም ቀጥኖ፣ ከአንድ ወፍራም ይልቅ ሦስት ስስ። ክንፎቹን ከዚያ በፊት በደቃቅ ሞረድ አንድ በአንድ ማሳሳት አለ። ከፕላስቲክ ቅርጽ በቀላሉ እንዲወጡ ተብለው ወፈር ተደርገው ስለሚሠሩ ነው። አድካሚ ነው፣ አልዋሻችሁም። ግን የዚህ ሞተር ውበት ያለው ክንፎቹ ላይ ነው። በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ሙቀቱን የሚያስወግድበት ቆዳ ነው፤ እሱን አዶልድሞ ሌላውን ማሳመር ትርጉም የለውም።

አሁን ወደ ብረቱ ቀለም ልምጣ። ሰው "ብር" ይላል፤ አንድ ጣሳ የብር ቀለም ይገዛል፤ ሁሉንም ይቀባል። ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ የተፈታታ ሞተር አጠገብ ቆማችሁ ታውቃላችሁ? የእኔን ዓይን ያሠለጠነው እንደዚያ ያለ ቦታ ነው። አንዱ ሞተር ላይ ስንት ዓይነት ብር አለ! ቴስታታው፣ ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው ራስ፣ አመድማ ነው። የጎን ክዳኑ ተወልውሎ ቨርኒሽ ተቀብቷል፤ ዕድሜው ሲገፋ ቨርኒሹ ወደ ቢጫ ይሄዳል። ቡሎኑ ዚንክ የተነከረ ነው፤ ቀዝቀዝ ያለ ሰማያዊ ነገር አለው። ማርሚታው ክሮም ነው። ክሮም ደግሞ የራሱ ቀለም የለውም፤ ዙሪያውን ነው የሚያሳየው። ስለዚህ ክሮም ለማምጣት ከሥሩ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ይቀባል፤ ጥቁሩ መስታወት እስኪመስል ይጠበቃል፤ ከዚያ ነው ስሱ የብረት ቀለም የሚረጨው።

ካርቶኑ ውስጥ ክሮም ተለብጠው የመጡ ቁራጮች አሉ። ደስ ይላሉ፣ ግን መጋጠሚያቸው ላይ መስመር አላቸው፤ ማጣበቂያም ክሮሙ ላይ አይዝም። መላው ቀላል ነው። በረኪና። የቤት በረኪና ውስጥ ትነክሯቸዋላችሁ፤ ልባጩ ስስ አሉሚኒየም ስለሆነ ይሟሟል። ራቁቱን ፕላስቲክ ታገኛላችሁ፤ መስመሩን ሞርዳችሁ እንደገና ትቀባላችሁ። መስኮት ክፈቱ፣ ጓንት አድርጉ፣ ከሌላ ኬሚካል ጋር ደግሞ በፍጹም አትቀላቅሉት።

ስለ ቡሎን ካነሳን አንድ የምከራከርበት ነገር አለኝ። ብዙ የተዋቡ ሞዴሎች ላይ የጎን ክዳኖቹን የያዙት ባለ ስድስት ጎን ቀዳዳ ቡሎኖች ሆነው አያለሁ። ያምራሉ። ግን ይሄ ሞተር ከፋብሪካ ሲወጣ እዚያ ቦታ ላይ የነበረው በመስቀል ካቻቢቴ የሚፈታ ቪቴ ነው። መካኒክ ሁሉ ያማርረዋል፤ አናቱ ይበላል፣ ካቻቢቴው ይሽከረከራል። ባለቤቶች ናቸው በኋላ በሌላ የቀየሩት። የአንድ ሰው ሞተር ሳይክል እየሠራችሁ ከሆነ፣ እሱም ቀይሮት ከሆነ፣ ቀይሩት። የ1969ን ሞተር እየሠራሁ ነው ካላችሁ ግን ያ የሚያናድድ የመስቀል ቪቴ እዚያ መሆን አለበት። አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ መስቀል መቅረጽ ነው እንግዲህ። መርፌ ጫፍ፣ ማጉያ መነጽር፣ ትዕግሥት።

ሌላው የዘይት እድፍ ነው። አሁን ፋሽን ሆኗል፤ ሞዴሉን ሠርቶ ጥቁር ቡናማ ውሃ ማፍሰስ። "ያገለገለ እንዲመስል" ይባላል። እኔ እጠይቃለሁ፤ ዘይቱ ከየት መጣ? የዘመኑ ብዙዎቹ የእንግሊዝ ሞተሮች መጋጠሚያቸው ቁልቁል ነው፤ እስከ ሥሩ ይወርዳል። ዘይት የሚያንጠባጥቡበት አንዱ ምክንያት እሱ ነው። የሆንዳው አካል የተከፈለው አግድም ነው፤ የታችና የላይ ግማሽ። ዘይቱም የሚቀመጠው ለብቻው ታንክ ውስጥ፣ በቀኝ ጎን ነው። ሰው ሆንዳን የወደደበት አንዱ ምክንያት ከሥሩ ወለሉ ንጹሕ መሆኑ ነበር። ታዲያ ያንን ሞተር በዘይት ማጨማለቅ ስሙን ማጥፋት ነው። የእኔ ላይ ክንፎቹ መካከል ትንሽ አቧራ አለ፤ ጓርኒሲዮኑ፣ የመጋጠሚያው ማሸጊያ፣ ዳር ላይ ስስ ጥላ አለ። በቃ።

ጭስ ማውጫዎቹ ላይ ግን አልቆጠብኩም። 4 ሲሊንደር፣ 4 ቧንቧ። ሙቀት ክሮምን ያቀልማል፤ ብረቱ ላይ የሚፈጠረው ስስ ሽፋን እየወፈረ ሲሄድ መጀመሪያ የገለባ ቢጫ፣ ቀጥሎ ሐምራዊ፣ ከዚያ ሰማያዊ ይሆናል። ስለዚህ ቅደም ተከተል አለው። ሰማያዊው ለቴስታታው የቀረበው ነው፤ ቢጫው ራቅ ያለው። ያንን የገለበጠ ሞዴል ሳይ ዓይኔን ይቆረቁረኛል።

አንድ ወዳጄ ሞተሩን አንስቶ እያገላበጠ "ቢሠራስ?" አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ሂሳቡን አብረን ሠራነው። ርዝመት በ6 ሲካፈል ይዘት የሚካፈለው በ216 ነው። 736 ሲሲው 3.4 ሲሲ ይሆናል፤ 4ቱም ሲሊንደር ተደምሮ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። እውነተኛው ፒስተን 61 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ ይሄኛው 10 ሚሊ ሜትር። በእነዚያ 4 ቁንጽል ቀዳዳዎች ውስጥ አንደኛውና አራተኛው ፒስተን አብረው ሲወጡ ሁለተኛውና ሦስተኛው አብረው ይወርዳሉ። የሚቀጣጠሉበት ተራ 1፣ 2፣ 4፣ 3 ነው። ወዳጄ ዝም ብሎ አየው። ከዚያ በጣቱ ተራውን ቴስታታው ላይ መቁጠር ጀመረ። እኔን እንዲህ ያለ ነገር ነው ደስ የሚለኝ።

ያ ተራ ደግሞ ለሽቦዎቹ አስፈላጊ ነው፤ አሁን ያለሁትም እዚያ ላይ ነው። ነዳጁን የሚለኩሱት ካንዴላዎች 4 ናቸው፤ ኤሌክትሪክ የሚልክላቸው ኮይል ግን 2 ብቻ ነው። አንዱ ኮይል ለ1ኛውና ለ4ኛው እሳት ይልካል፤ ሌላው ለ2ኛውና ለ3ኛው። ሞዴሉ ላይ ሽቦዎቹን ዝም ብላችሁ ከላይ ብታንጠለጥሏቸው ማንም አይከሳችሁም። እኔ ግን ከየኮይሉ ወደየካንዴላው በትክክል እንዲሄዱ እፈልጋለሁ። እውነተኛው ሽቦ ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለ1/6 ደግሞ 1.2 ገደማ ይሆናል፤ ጥቁር የኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስ ልክ ይመጣል። ችግሩ አወዳደቁ ነው። ቀጭን ሽቦ እንደ ወፍራሙ ከብዶት አይወርድም፤ ይገተራል። ስለዚህ ውስጡ ስስ የመዳብ ሽቦ አስገብታችሁ በወረንጦ እያጠፋችሁ፣ ራሱ የወደቀ እንዲመስል ማድረግ ነው።

ሁለቱን ጨርሻለሁ፤ የ1ኛውና የ4ኛው። የመሃሎቹ ይቀራሉ። እነሱ አጫጭር ስለሆኑ ይበልጥ ያስቸግራሉ። ከእነሱ በኋላ 4ቱ ካርቡሬተሮች ናቸው፤ ስለነሱ ለብቻው አንድ ክፍል ያስፈልገኛል፤ ቃሌ ነው። ሞዴል የምትሠሩ ካላችሁ፣ የመዳቡን ነገር ከእኔ የተሻለ መላ ካላችሁ ጻፉልኝ። በሚቀጥለው አነባዋለሁ። ደህና ሁኑልኝ።