64 ዓመት ምክር ቤት የቆዩት ሴናተር ለምን ሸሹ?

ሰላም ሰላም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ!

ጊዜው በፈረንጆቹ 2011 ነው። አንድ የ83 ዓመት አዛውንት ግዛታቸውን ጥለው ድንበር ተሻግረዋል። ፖሊስ ይፈልጋቸዋል። ምን ሰርቀው? ምንም። ፍሬድ ሪሰር ይባላሉ። የአሜሪካዋ የዊስኮንሰን ግዛት ሴናተር ናቸው።

ገና ሴናተር ስል አንዳንዶቻችሁ «ዋሽንግተን ያሉት?» ልትሉኝ ነው። አውቃችኋለሁ! ይቺን ጥያቄ ስንቴ መለስኳት? አይደለም። እያንዳንዱ ግዛት የራሱ ምክር ቤት አለው። የዋሽንግተኑ ሴናተር አምባሳደር ሲሾም ድምፅ ይሰጣል። የግዛቱ ደግሞ ስለ ትምህርት ቤት በጀት፣ ስለ መንገድ፣ ሲጋራ የት እንደሚጨስ። ለኔ ቀድሞ ኪስ የሚነካው ይኼኛው ነው። አሜሪካ ያላችሁ፣ የሰፈራችሁን የግዛት ሴናተር ስም ታውቁታላችሁ? በሉ አጣሩ። እግረ መንገዳችሁን ሰብስክራይብ!

ወደ ሰውዬው። ምክር ቤት የገቡት በ1957፣ የወጡት በ2021። 64 ዓመት! በአሜሪካ የግዛት ምክር ቤቶች እንዲህ የቆየ የለም። አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያትም እዚያው ነበሩ። ርስት በሉት።

ታዲያ ለምን ሸሹ? ዕድር አስቡ። ሊቀመንበሩ መዋጮ ሊጨምር ነው። እናንተ አልፈለጋችሁም፣ ግን በቁጥር ታንሳላችሁ። እጅ ቢወጣ ትሸነፋላችሁ። ምን ይሻላል? መቅረት! «ለቅሶ ነበረብኝ» ማለት። ጸሐፊው መዝገቡን ታቅፎ በር በሩን ያያል። ቡናው ይቀዘቅዛል። ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም፣ ለሚቀጥለው እሁድ! እኛ ሰፈር በዚህ ዘዴ አንድ መዋጮ ስንት ወር ተንከባሏል።

ዊስኮንሰንም ይኸው ነው። አገረ ገዥው ስኮት ዎከር የመንግሥት ሠራተኞች ማኅበራትን የመደራደር መብት የሚያጠብ ሕግ አመጡ። ሪፐብሊካን 19፣ ዴሞክራት 14። ገንዘብ ያለበት ሕግ እንዲያልፍ 20 ሰው መገኘት አለበት። አንድ ሰው ጎደለ! ሪሰርን ጨምሮ አሥራ አራቱም ዴሞክራቶች ሹልክ ብለው ጎረቤት ግዛት ኢሊኖይ ገቡ። የዊስኮንሰን ፖሊስ እዚያ ሥልጣን የለውም።

ሦስት ሳምንት ያህል እንዲህ ሆነ። ከዚያ ሪፐብሊካኖቹ የገንዘቡን ክፍል ከሕጉ አወጡና፣ 20 ሰው ሳያስፈልጋቸው አጸደቁት። በቃ፣ ሊቀመንበሩ «ዛሬ መዋጮ አናነሳም፣ ደንብ ብቻ» ያለ ዕለት መቅረት አይሠራም።

ሪሰር ተመለሱ። ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ጡረታ ሊወጡ ገና አሥር ዓመት ያህል ይቀራቸው ነበር።