ኤሲ ከረንት እየተመላለሰ ሞተሩ ለምን ወደ አንድ ወገን ብቻ ይዞራል?

ባለፈው ስለ ኤሌክትሪክ ሞተር ስናወራ የአየር ሰዓታችን አለቀና ብዙ ጥያቄ ሳይመለስ ቀረ። ደውላችሁ ተራ ላልደረሳችሁ ይቅርታ። የተመዘገቡትን አንድ በአንድ አየኋቸው፤ አምስቱን እዚህ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ኤሲ ከረንት አቅጣጫውን ቶሎ ቶሎ ይቀያይራል ብለዋል። ታዲያ ሞተሩ አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ እያለ ባለበት መንቀጥቀጥ አልነበረበትም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ። 50 ኸርዝ በሆነ መስመር ላይ፣ ማለትም በሰከንድ 50 ዑደት፣ ከረንቱ በሰከንድ 100 ጊዜ ይገለበጣል፤ በአንድ ዑደት ሁለት ጊዜ። ሞተሩ ውስጥ አንድ ጥቅል ሽቦ ብቻ ቢኖር፣ እንዳሉት ባለበት ይንቀጠቀጥ ነበር።

ማስታወቂያ ላይ በክብ የተደረደሩ፣ ብርሃናቸው የሚሮጥ የሚመስል አምፖሎች አይተው ያውቃሉ? አንዱም አምፖል ከቦታው አይነቃነቅም። ይበራል፣ ይጠፋል፣ በቃ። ግን ተራ ይዘው ስለሚበሩ ብርሃኑ ይዞራል። ወዴት እንደሚዞር የሚወስነው ተራው ነው።

ስሪ ፌዝ ሞተርም፣ ማለትም በሦስት መስመር ሦስት ከረንት የሚገባለት፣ ልክ እንደዚያ ነው። ሦስት ጥቅሎች በክብ ዙሪያ 120 ዲግሪ ተራርቀው ይቀመጣሉ። ሦስቱ ከረንቶችም እኩል አይደርሱም፤ እያንዳንዱ ከፊቱ ካለው በዑደቱ ሲሶ ዘግይቶ ይመጣል። አንደኛው ጥቅል በርትቶ ሲደክም ሁለተኛው ይበረታል፣ ከዚያ ሦስተኛው። ሽቦዎቹ ከቦታቸው ሳይነሱ መግነጢሳዊ መስኩ ይዞራል።

መገለባበጡስ? አንድ ማግኔት በእጅዎ ይዘው ግማሽ ዙር ቢያዞሩት ሰሜኑ በደቡቡ ቦታ ይመጣል። የአንደኛው ጥቅል ከረንት ሲገለበጥ የሚሆነውም ይኸው ነው። መስኩ ግማሽ ዙር ሄዷል ማለት ነው። ስለዚህ ከረንቱ ባይገለበጥ ኖሮ ዙሩ አይሞላም ነበር።

ጥያቄ፦ ሞተር ፈትቼ አይቻለሁ። መሀል ላይ ያለው የሚዞረው ብረት ከየትም ሽቦ አልመጣለትም። ማን ነው የሚያዞረው?

መልስ፦ በደንብ አይተዋል። ያ ብረት ሮተር ይባላል። ዙሪያውን የአሉሚኒየም ወይም የመዳብ ዘንጎች አሉት፤ ጫፎቻቸው በቀለበት ተያይዘዋል። ብረቱን አውጥተው ዘንጎቹን ብቻ ቢያዩ የወፍ ቤት ይመስላሉ። የሚዞረው መስክ በዘንጎቹ ላይ ሲያልፍ ውስጣቸው ከረንት ይፈጠራል። ይህን ማይክል ፋራዴይ በ1831 እ.ኤ.አ. ያሳየው ነው። ከረንት የያዘ ዘንግ ደግሞ መስክ ውስጥ ሲሆን ይገፋል። ስለዚህ ሮተሩ መስኩን ተከትሎ ይሮጣል።

ይሮጣል እንጂ አይደርስበትም። ቢደርስበት ዘንጎቹን አቋርጦ የሚያልፍ መስክ አይኖርም። ያኔ ከረንቱ ይጠፋል፣ ጉልበቱም አብሮ። አራት ፖል፣ ማለትም ሁለት ሰሜንና ሁለት ደቡብ፣ ያለው ሞተር መስኩ በአንድ ዑደት ግማሽ ዙር ብቻ ስለሚሄድ በ50 ኸርዝ ላይ በደቂቃ 1500 ጊዜ ይዞራል። ኔምፕሌቱን፣ ሞተሩ ላይ የተለጠፈውን የመረጃ ሰሌዳ፣ ቢያነቡ ግን የሮተሩን ፍጥነት ለምሳሌ 1440 ወይም 1450 ይላል። ልዩነቷ ስህተት አይደለችም፤ ሞተሩ የሚሠራው በእሷ ነው።

ጋሊሌዮ ፌራሪስና ኒኮላ ቴስላ የተባሉት ሁለት የኤሌክትሪክ ተመራማሪዎች እዚህ የሚዞር መስክ ሐሳብ ላይ የደረሱት ለየብቻቸው ነው። ሁለቱም በ1888 እ.ኤ.አ. ይፋ አደረጉት። ምንም ሽቦ ሳይነካው የሚዞር ብረት! ስንት ዓመት ከሞተር ጋር ውዬ ዛሬም ያስደንቀኛል።

ጥያቄ፦ ማራገቢያዬ ሲሰካ እም እያለ ይጮሃል እንጂ አይነሳም። በእንጨት ገፋ ሳደርገው ግን ይዞራል። ምን ሆኖ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ እንጨቱን ያስቀምጡ። አደገኛ ነው። ቤት የሚገባው ብዙ ጊዜ ሲንግል ፌዝ፣ ማለትም ባለ አንድ ከረንት መስመር፣ ነው። አንድ ከረንት ብቻ ሲሆን መስኩ በአንድ መስመር ላይ ይበረታል፣ ይደክማል፣ ይገለበጣል፤ አይዞርም። የቆመ ብስክሌት ያስቡ። አንዱ ፔዳል ቀጥ ብሎ ከላይ፣ ሌላው ቀጥ ብሎ ከታች ሲሆን የቱንም ያህል ቢጫኑት አይዞርም። ትንሽ ገፋ ካደረጉት ግን ወደገፉት ወገን ይሄዳል። ማራገቢያዎንም ወደ ኋላ ቢገፉት ኖሮ ወደ ኋላ በዞረ ነበር።

ይህ እንዳይሆን ሁለተኛ ጥቅል ይጨመርለታል፤ ከእሱ ጋር ካፓሲተር፣ ብዙዎች ኮንደንሰር የሚሉት፣ ይገናኛል። ካፓሲተሩ የዚያን ጥቅል ከረንት ከዋናው እስከ ሩብ ዑደት ድረስ ያስቀድመዋል። ቀዳሚና ተከታይ ተገኘ፣ ተራ ተያዘ፣ መስኩ ዞረ። የእርስዎ ምልክት በአብዛኛው የደከመ ካፓሲተር ነው። ከሶኬት ነቅለው በእጅ ሲያዞሩት የሚከብድ ከሆነ ግን ኩሽኔታውም ይታይ። እየጮኸ ቆሞ አይተዉት፤ ጥቅሉ ይቃጠላል። ካፓሲተሩንም በባዶ እጅ አይንኩ፤ ከተነቀለ በኋላም ቻርጅ ይዞ ሊቆይ ይችላል። ባለሙያ ይቀይርልዎ።

ጥያቄ፦ አዲስ የገባ ስሪ ፌዝ የውሃ ፓምፕ ይዞራል፣ ውሃው ግን ደካማ ነው።

መልስ፦ ወደ ኋላ እየዞረ ሊሆን ይችላል። ፓምፑ ላይ ያለውን ቀስት ይመልከቱ። ካልገጠመ መስመሩ ይጥፋና ከሦስቱ ሽቦዎች ማናቸውም ሁለቱ ቦታ ይቀያየሩ። ተራው ይገለበጣል፣ ዙሩም ይገለበጣል።

ጥያቄ፦ ድሪል ካርቦን አለው። እሱም በዚሁ መንገድ ነው የሚዞረው?

መልስ፦ አይደለም፣ እሱ ሌላ ነው። ካርቦኑ የሚዞረውን ክፍል እየነካ ከረንት የሚያስገባለት ቁራጭ ነው፤ በእሱ በኩል አንዱ ከረንት በውጪውም በመሀሉም ጥቅል ያልፋል። ከረንቱ ሲገለበጥ የሁለቱም ማግኔት አብሮ ይገለበጣል። ሁለቱም ሲገለበጡ የሚገፋፉበት አቅጣጫ እንደነበረ ይቀራል። ስለዚህ ድሪሉን ወደ ኋላ ለማዞር ሽቦውን ከሶኬቱ ገልብጦ መሰካት አይሠራም፤ ከሁለቱ ጥቅሎች የአንዱ ብቻ መገለበጥ አለበት። ማብሪያው አጠገብ ያለችው መቀየሪያ የምትሠራው ይህንን ነው።

ከደወሉት አንዷ የማይክሮዌቭ ሳህን አንዳንዴ ወደ ቀኝ አንዳንዴ ወደ ግራ ይዞራል ብለው ነበር። አልተበላሸም። ብዙዎቹ ላይ ያለችው ትንሽ ሞተር አቅጣጫ የሚመርጥላት ነገር አልተገጠመላትም። ሲበራ ከረንቱ በየትኛው ቅጽበት እንዳገኛት፣ ወደዚያው ትሄዳለች። ምግቡ የሚሞቀው በሁለቱም ስለሆነ ሠሪዎቹ አልተጨነቁበትም።