የቀኝ መስመር ተከላካዩ ግቡ አፍ ላይ ምን ይሠራል? የሉዊስ ኤንሪኬ ጉዞ

[ምስል፦ ሙኒክ፣ የ2025 የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ፣ 12ኛው ደቂቃ]

ይህችን ግብ ቀስ ብለን እንያት። የፓሪስ ሴንት ዠርመኑ አማካይ ቪቲኒያ ኳሷን በኢንተር ሚላን ተከላካዮች መሐል ሰንጥቆ ያሳልፋታል። ዴዚሬ ዱዌ ሳጥኑ ውስጥ ይቀበላታል፤ ራሱ መምታት ይችል ነበር፣ ግን ወደ ግቡ አፍ ያሻግራታል። እዚያ ማንም ሳይነካው ቆሞ መረቡን የሚያገኘው አሽራፍ ሀኪሚ ነው። ኢንተር የቀድሞ ክለቡ ስለሆነ አይጨፍርም፤ እጆቹን ከፍ አድርጎ ይቅርታ ይጠይቃል።

ሀኪሚ ግን የፓሪስ ሴንት ዠርመን የቀኝ መስመር ተከላካይ ነው። ተከላካይ ከተጋጣሚው ግብ ጥቂት ሜትር ላይ ምን ይሠራል?

ፓሪስ ያን ምሽት 5 ለ 0 አሸነፈ። በዚህ ውድድር ፍጻሜ ታሪክ እንዲህ ባለ ሰፊ ልዩነት ያሸነፈ ሌላ ቡድን የለም። የጥያቄያችንን መልስ የምናገኘው ግን ከሙኒክ ሳይሆን የፓሪስ አሰልጣኝ ሉዊስ ኤንሪኬ ራሱ ማሊያ ለብሶ ይሮጥበት ከነበረው ዘመን ነው።

[ምስል፦ ሉዊስ ኤንሪኬ በስፖርቲንግ ሒኾን፣ በሪያል ማድሪድና በባርሴሎና ማሊያ]

ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ። ሉዊስ ኤንሪኬ በ1970 በሰሜን ስፔን፣ በአስቱሪያስ የባሕር ዳርቻ ከተማ በሒኾን ተወለደ። በከተማው ክለብ በአጥቂነት ጀመረ፤ በ1991 ሪያል ማድሪድ ወሰደው። ማድሪድ ውስጥ ዛሬ የመስመር አማካይ፣ ነገ አጥቂ፣ ከነገ ወዲያ የመስመር ተከላካይ ሆኖ ይሰለፍ ነበር። በ1996 ውሉ ሲያልቅ በነጻ ወደ ባርሴሎና ተሻገረ። ከማድሪድ ወደ ባርሴሎና መሄድ ቀላል ነገር አይደለም፤ እሱ ግን ስምንት ዓመት ተጫወተ፣ የቡድኑ አምበል ሆነ፣ ከ100 በላይ ግብም አስቆጠረ።

ለመሆኑ ቦታው የት ነበር? በዝርዝር ላይ አማካይ ተብሎ ይጻፋል፤ ሜዳ ላይ ግን ያልቆመበት ስፍራ ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ተከላካይ ሆኖ ስለተጫወተ ተከላካይ ምን እንደሚያስፈራው ያውቃል፤ አጥቂም ስለነበር ኳስ ሳያገኝ የሚሮጠውን ሰው ድካም ያውቃል። ይህን ያዙልኝ።

ጠንካራነቱን የሚያሳይ አንድ ምስልም አለ። በ1994 የዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ስፔን ከጣሊያን ጋር ስትጫወት ማውሮ ታሶቲ ሳጥን ውስጥ በክርኑ መትቶ አፍንጫውን ሰበረው። ዳኛው አላየም፤ ፍጹም ቅጣት ምትም አልሰጠም። ፊቱ በደም ተሸፍኖ ሲጮህ የሚታይበት ፎቶ እስከ ዛሬ አለ። ታሶቲ በኋላ የስምንት ጨዋታ ቅጣት ቢጣልበትም ስፔን 2 ለ 1 ተሸንፋ ወጥታለች።

በ2004 ጫማውን ሰቀለ። ብዙዎቹ ጎልፍ ሲጫወቱ እሱ ማራቶን ሮጠ፤ አልፎም በሰሐራ በረሃ ለቀናት የሚዘልቀውን ሩጫ ጨረሰ።

[ምስል፦ በርሊን፣ 2015]

በአሰልጣኝነት ከባርሴሎና ሁለተኛ ቡድን ተነሥቶ በሮማና በሴልታ ቪጎ አለፈ፤ በ2014 ዋናውን ባርሴሎና ተረከበ። ሜሲ ወደ ቀኝ፣ ሱዋሬዝ መሐል፣ ኔይማር ግራ። ሦስቱ በአንድ የውድድር ዘመን 122 ግብ አስቆጠሩ፤ ቡድኑም የስፔን ሊግን፣ የንጉሡን ዋንጫና በርሊን ላይ ፍጻሜው የተካሄደውን ሻምፒዮንስ ሊግ ወሰደ። «እነዚህን ሦስት ይዞ ማን ያቅተዋል?» የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። በጥር ወር ሜሲንና ኔይማርን ተቀያሪ ወንበር ላይ አስቀምጦ በሪያል ሶሲዳድ ሲሸነፍ ይባረራል እየተባለ ነበር። ያን ቡድን ከዚያ አንሥቶ በርሊን ማድረስ የአሰልጣኝ ሥራ ነው።

በኋላ የስፔን ብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ ሆኖ የገጠመው ደግሞ ሌላ ነው። በ2022 የዓለም ዋንጫ ስፔን ከሞሮኮ ጋር ከ1000 በላይ ቅብብል አድርጋ አንድም ግብ አላገኘችም። በመለያ ምትም ሦስቱንም ስታ ወጣች። በዚያ ቀን የስፔን ተጫዋቾች እግር ሥር ኳስ ነበረ፤ ከሞሮኮ ተከላካዮች ጀርባ የሚሮጥ ሰው ግን አልነበረም።

[ምስል፦ ፓሪስ፣ ልምምድ ሜዳ]

ፓሪስ የደረሰው በ2023 ነው። ከዓመት በኋላ ኪሊያን ምባፔ ወደ ሪያል ማድሪድ ሄደ። ኮከቡ ሲሄድ አሰልጣኙ ሌላ ኮከብ አልፈለገም፤ ያለ ኳስ የሚሮጡ አሥር ሰዎች ፈለገ። በጥቅምት 2024 ኡስማን ዴምቤሌን በዲሲፕሊን ምክንያት ለአርሰናሉ ጨዋታ ፓሪስ ትቶት ሄደ። የአርሰናል ደጋፊ የሆናችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ 2 ለ 0 ያሸነፋችሁበት ነው። ጥቂት ወራት ቆይቶ ያንኑ ዴምቤሌን ከቀኝ መስመር አንሥቶ መሐል አጥቂ አደረገው።

አሁን ወደ ሀኪሚ እንመለስ፤ ያዙልኝ ያልኳችሁም እዚህ ይመጣል። በሁሉም ቦታ የተጫወተው ሰው በሠራው በዚህ ቡድን ውስጥ ቦታው እንዳለ ይቆያል፤ ሰዎቹ ይለዋወጣሉ። ሀኪሚ ወደ ውስጥ ሲገባ ዱዌ ወደ መስመሩ ይወጣል፣ አማካዩ ዡዋው ኔቬስ ደግሞ ከኋላ የተተወውን ክፍተት ይደፍናል። ዴምቤሌ ወደ ኋላ ሲመለስ የኢንተር ተከላካይ ይከተለው ወይስ ይቅር? ከተከተለው ከጀርባው በር ይከፈታል፤ ከቀረ ደግሞ ዴምቤሌ ብቻውን ዞሮ ይመጣበታል። ተከላካዩ በዚህ ሐሳብ ሲዋልል ነው ሀኪሚ ግቡ አፍ የደረሰው።

ኳስ ሲያጡስ? ዴምቤሌን ተመልከቱት። የኢንተር ግብ ጠባቂ ያን ሶመር የመልስ ምት ሊመታ ሲል ዴምቤሌ ሳጥኑ ጫፍ ላይ እንደ መቶ ሜትር ሯጭ አጎንብሶ ዓይኑን ሳይነቅል ይጠብቀዋል። ከወራት በፊት በቅጣት የቀረው ሰው ነው ይህ። በመስከረም 2025 የወርቅ ኳስ ሽልማትን ወሰደ።

[ምስል፦ የሙኒክ መድረክ፣ የደጋፊዎቹ ትልቅ ሥዕል]

ከሜዳው ውጪ ያለውን ሳልነግራችሁ ማለፍ አልችልም። በርሊን ላይ በ2015 ሉዊስ ኤንሪኬ ከትንሽ ልጁ ከሻና ጋር የባርሴሎናን ባንዲራ ሜዳው መሐል ሲተክሉ ተቀርጸዋል። ሻና በነሐሴ 2019 በአጥንት ካንሰር አረፈች፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር።

ሙኒክ ላይ ጨዋታው ሲያልቅ የፓሪስ ደጋፊዎች አንድ ግዙፍ ሥዕል ዘረጉ፦ አባትና ልጅ፣ በመካከላቸው የፓሪስ ባንዲራ፤ ልጅቷም የፓሪስን ማሊያ ለብሳለች። አሰልጣኙ ቀና ብሎ አየው። እሱም ጥቁር ቲሸርት ለብሶ ነበር፤ ደረቱ ላይ አንድ ሰውና አንዲት ትንሽ ልጅ ባንዲራ ይተክላሉ።